ድንጋይ ብዬ የሰማሁት ቃል

ሰበታ ውስጥ ብርድ ልብስ በሚሠራ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርቼ ነበር ይህ ሲሆን። የአዳራሻችን የኋላ ግድግዳ የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከበስተጀርባው ዳገት አለ። የእኔ ወንበር ከግንቡ ሥር ነበር።

ከጎኔ የምትሠራው ልጅ ዐይነ ስውር ናት። እኛ አይተን ያሳለፍነውን ብርድ ልብስ በመዳፏ ዳስሳ “እዚህ ጋ ሳስቷል” ትላለች። ወደ ብርሃን አውጥተን ስናየው፣ ሳስቷል።

ማሽኖቹ ሲሠሩ የምንግባባው በጩኸት ነው። በጾም፣ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ልጅቷ እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣች። ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። እንደዚያ ሆና ብዙ ቆየች። ከዚያ ክንዴን ጨብጣ አንዲት ቃል ጮኸችብኝ። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ስትደነግጥ ግን ኦሮምኛዋ ይቀድማል። እኔ የሰማሁት “ደጋ” የሚል ነው። ከገበያ የለቃቀምኳት ኦሮምኛዬ ደጋ ድንጋይ እንደሆነ ታውቃለች።

“የምን ድንጋይ?” አልኳት። አልሰማችኝም።

በእረፍት ሰዓት ለጓደኞቼ “ድንጋይ አለችኝ” አልኩ። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። የማይታይ እጅ ድንጋይ ስለሚወረውርበት ቤት ግን ሁላችንም ስንሰማ ነው ያደግነው። ሰኞ ስመለስ ወሬው አድጎ ጠበቀኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ድንጋይ የሚወረውር መንፈስ አለ፣ የጠራችውም ልጅቷ ናት ተብሏል።

“እትዬ፣ ነገ ራስሽ ላይ ድስት ደፍተሽ ነይ” አለችኝ አንዷ።

“ሰይጣኑ የቀን ፈረቃ ነው የማታ?” አለች ሌላዋ።

ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከልጅቷ ጎን ምሳ የበላ ሰው የለም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጇን ታነሣለች፤ ወደ ግንቡ ትዞራለች። እኛም ሳናስበው አብረናት እንዞራለን። ግንቡ ግንብ ነው። እኔም ጠበል አምጥቼ በወንበሬ ዙሪያ ረጨሁ፤ ቀስ ብዬ በእሷም በኩል።

ፊቷን ዳሰሰች። “እትዬ፣ ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?”

የጠበሉን ጠርሙስ ከወንበሬ ሥር ደበቅሁ።

በሳምንቱ ሴቶቹ “ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኛ” ብለው ወደ ክፍል ኃላፊያችን ሄዱ። ከወጣች ሌላ ፋብሪካ እንደማይቀበላት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ኃላፊያችን የሰበታ ሽማግሌ ናቸው፤ ኦቦ ብቻ ነው የምንላቸው።

“እኔ እዚህ የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው” አሉ ኦቦ። “የማሽኑን ሕመም በድምፁ እንደምለይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። ድንጋይ ያለችው ለማን ነው?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“ለእኔ።”

“በምን ቋንቋ?”

“በኦሮምኛ።”

“ያንቺ ኦሮምኛ እስከ የት ይደርሳል?”

“እስከ ሽንኩርት፣ ኦቦ።”

ልጅቷን አስጠርተው “ማል ጄቴ?” አሏት፤ ምን አልሽ? ከእኛ አንዳችንም ይህን አልጠየቅናትም ነበር።

“ደጋኢ” አለች።

ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። “ድንጋይ አላለችሽም። ስሚ ነው ያለችሽ።”

“ምኑን?” አልኩ።

“ግንቡ ይተነፍሳል” አለች ልጅቷ በአማርኛ።

ኦቦ ማሽኖቹን በሙሉ አስቆሙ። ያን አዳራሽ ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። “ትንፋሻችሁን ያዙ” አሉን። ያዝን። አንድ ትንፋሽ ቀረ። ከግንቡ ውስጥ ይመጣል፤ ዝግ ያለ፣ እርጥብ፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ መካከሉ ጠፋኝ።

ትንፋሻችንን ስንለቅ በሴቶቹ ፊት “ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ። “እሷ ምንም አልጠራችም። ሳላጣራ ያወራሁት እኔ ነኝ።”

ኦቦ ወንበሮቻችንን ሁሉ ወደ ወዲያኛው ጥግ አስወሰዱ። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲቆጣ “ያስቆምኩት እኔ ነኝ” ብለው ዘጉት።

በሦስተኛው ቀን ግንቡ ሆዱን ነፋና ተዘረገፈ። ሰው አልተነካም። ለካ የዳገቱ ውኃ ከኋላው መንገድ አበጅቶ አፈሩን ሲበላ ኖሯል። ሲሚንቶው ላይ የወንበሬ አራት እግሮች የፋቁት ምልክት ነበር። ትልቁ ድንጋይ በአራቱ መካከል ተቀምጧል።

ድንጋይ ብዬ ነበር የሰማሁት። ድንጋይም መጣ፤ ይህን መገጣጠም እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም።

ኦቦ የመስመሩ ኃላፊ አደረጉኝ። “እኔ ምን አውቃለሁ?” አልኳቸው።

“ጥፋትሽን በሰው ፊት መናገር ታውቂያለሽ። ኦሮምኛውን እሷ ታስተምርሻለች።”

አስተማረችኝ። ልጆቼ እናት አላቸው፤ ተመስገን። እሷም ከጎኔ ናት።

አንዳንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጇን ታነሣለች። እኔም እጄን አነሣለሁ፤ ማሽኖቹ ይቆማሉ። አዲሱ ግንብ ወፍራም ነው፤ አርማታ ነው። አሁን የሚስቅ የለም።

“ምን ትሰሚያለሽ?” እላታለሁ በቋንቋዋ።

ባለፈው እንዲህ ስትል መለሰችልኝ። “ግንቡ ምንም አይልም፣ እትዬ። አሁን እሱ ነው እኛን የሚሰማን።”

አማተብኩ። ወንበሮቹን ትንሽ ራቅ አስደረግሁና ማሽኖቹን አስነሣሁ።