ማየር ማለት ምስለኔ

ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው። ጅማ ሊያስተምር መጥቶ ተዋወቅን፤ ሰልሞ አገባኝና መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤት ተከራይተን ገባን። ወንድ ልጅ ስንወልድ፣ ባለቤቴ ልጁ በእሱ ቤተሰብ ስም «ማየር» ተብሎ እንዲመዘገብ ፈለገ። እኔ ምንም አልመሰለኝም።

ሕፃኑን ለአባቴ ልናሳይ እሳቸው ወደሚኖሩበት ከተማ ወደ የቡ ሄድን። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና ውስጥ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጁን ታቅፈው ዱዓ አደረጉለትና፣

«ይሄ ማየር የምትሉት ትርጉሙ ምንድን ነው?» አሉ።

ባለቤቴ ደስ አለው። እዚህ አገር እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በሚኮላተፍ አማርኛው ያስረዳቸው ጀመር። በድሮ ዘመን ማየር ስም ሳይሆን ሹመት ነበር፤ ጌታው በሌለበት መሬቱን የሚጠብቅ፣ ገበሬውን የሚያዝ፣ እህሉን የሚሰበስብ ሰው። በኋላ ሹመቱ ቀረና መጠሪያው ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ማል ጄዴ? ምን አለ?» አሉኝ፣ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው። ያለውን ሁሉ በኦሮምኛ ደገምኩላቸው።

«ምስለኔ በይኛ!» ልጁን መልሰው ሰጡኝ። «ቡና ደብቀሃል ብሎ አባቴን ገበያ መሀል ያሰረው ምስለኔ ነው። ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ።»

ባለቤቴ ደነገጠ። «አባባ፣ እኔ እኮ አስተማሪ ነኝ። አያቴም ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። እኛ አገር ይህ ስም የሌለበት ከተማ የለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። አንተን አልጠላሁም። ስሙ ግን ከአፌ አይወጣም።»

ስንመለስ ባለቤቴ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀመጠ። «ስሜን እንደ ወንጀል ቆጠሩት» አለኝ። ላባብለው ፈለግሁ፤ ግን የታሰሩት የኔም አያት ናቸው። 

ልጁን በማየር ስም አስመዘገብነው። የባለቤቴ ወላጆች በሕይወት የሉም፤ ከእነሱ የቀረውን ይህንን ስም ተው ልለው አልቻልኩም። ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው «አላህ ያሳድገው» ብለው ዘጉ።

ለዒድ አባቴ ቤታችን መጡ። ልጁን ከጉልበታቸው አላወረዱትም፤ እየሳቁ አጫወቱት። የጎረቤታችን እንግዳ ገብታ፣ «ማሻአላህ! የማን ልጅ ነው?» አለቻቸው።

«የሷ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

ባለቤቴ አጠገባቸው ቆሞ ሻይ እየቀዳ ነበር። ሰምቷል። ቀድቶ ጨረሰና ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቀበላቸው። ተቀበሉት፤ ቀና ብለው ግን አላዩትም።