ለሕያው አባቴ ያለቀስኩት

ክረምት ሲገባ የቴአትር ቤታችን ጣሪያ ያፈስ ስለነበር፣ የአልባሳት ክፍሉ በር ሲከፈት የረጠበ ሱፍ ሽታ ይቀበለን ነበር። ሌሎቹ ተዋንያን አፍንጫቸውን ይዘው ሲያማርሩ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እቀር ነበር፤ የአባቴ በርኖስ ሽታ ነበርና።

ያደግኩት ከቡሬ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሲሠራ አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ቤቴ ብሎ ነበር። የእኔ ሥራ ያኔ ሰው መምሰል ነበር፤ የቄሱን አረማመድ፣ የጭቃ ሹሙን ሳል እያስመሰልኩ ጎረቤቱን ሳስቅ እውል ነበር፣ እናቴም «አንቺ ልጅ፣ ይኼ መሳለቅሽ አንድ ቀን ጉድ ያፈላል!» እያለች ትቆጣኝ ነበር። ጉዱን ራሷ እንደምታፈላው ግን አላወቀችም።

በሐምሌ ለጣሊያን ያደሩ ባንዶች መጥተው «ባልሽን ካላስገባሽ ቤቱን ከነልጆችሽ እናነደዋለን» ብለዋት ሄዱ። እናቴ ከአጎቴ ጋር መክራ፣ አባቴ በውጊያ ሞተ ብላ አስነገረች፤ ሬሳ በሌለበት እንደሚደረገውም በርኖሱና ጋሻው አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሊለቀስለት ሆነ። ማለዳ ጓሮ ወስዳኝ «አባትሽ ደኅና ነው፤ ዛሬ ግን እንደሞተ አድርገሽ አልቅሺ፤ ባንዶቹ የሚያዩት አንቺን ነው» አለችኝ።

«ለእማሆይስ እንንገራቸው?» አልኳት። እማሆይ የአባቴ እናት ነበሩ፤ መንኩሰው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር።

«ኧረ ዝም በይ! እሳቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ከጠየቋቸው ይናገራሉ።»

እማሆይ በጭቃው እየተንሸራተቱ መጡ፣ ግን አላለቀሱም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው «ልጄ አልሞተም፤ ሆዴ አልነገረኝም» ይሉ ነበር። ባንዶቹ ይህን ሰምተው ተያዩ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ያን ጊዜ እርጥቡ በርኖስ ላይ ተደፍቼ «አባዬ፣ ለማን ትተኸኝ ሄድክ!» ብዬ ጮኽኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነበር ያለቀስኩት፤ ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነበርና። የእማሆይ መቋሚያ ከእጃቸው ወደቀ። «ልጅ አይዋሽም» አሉና ፊታቸውን ነጩ። ባንዶቹም ከንፈራቸውን መጠው ሄዱ።

ጳጉሜ ላይ እማሆይ ያለቻቸውን ላም ለተዝካሩ አሳረዱ፤ ቄሱም ሕያውን ሰው እንደ ሙት ፈቱት። ከዚያ ወዲያ እናቴ በእኔ እጅ የምትልክላቸውን እራት፣ ለልጃቸው ነፍስ ብለው ለነዳያን እየሰጡ ጦማቸውን ያድሩ ነበር። ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ ቤታችን ሲነድ እየታየኝ መልሼ ዘጋሁት። ጥር ላይ፣ ጤፉ ሲወቃ ዐረፉ።

ጣሊያን ተባርሮ አባቴ ጎፍሮ ሲገባ፣ እልልታው ሳያባራ «እናቴስ?» አለ። እኔ ጎተራው ኋላ ተደበቅኩ። ሁሉን ከሰማ በኋላ ፈልጎ አውጥቶ «ቤቴን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ሳመኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አድጌ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ስቀጠር፣ በፊልምና በቴሌቪዥንም ስታወቅ፣ አዘጋጆቹ «ለሷ ሽንኩርት አያስፈልጋትም» እያሉ ኀዘን ያለበትን ሁሉ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። ዛሬ ቡሬ መናኸሪያ ስወርድ ያወቀኝ ሁሉ «አንጀታችንን በላሽው እኮ!» እያለ እየሳቀ ያቅፈኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እነዚህ ከእኔ ጋር አልቅሰው ሲያበቁ ቴሌቪዥኑን ዘግተው እራታቸውን ይበላሉ። እማሆይ እራታቸውን አልበሉም።