ዋኖሶቹ የለመዱን ሳምንት

«በረኪና በረኪና ትሸቻለሽ» አለኝ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ፣ ፊት ለፊቴ፣ ከዳንግላ በሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ።

«አንተ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ግን መስኮቱን ከፈትኩና መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። እውነቱን ነው። ፔንሲዮን ውስጥ አልጋ የሚያነጥፍ፣ መታጠቢያ ቤት የሚፈትግ ሰው ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል? ብቻ አየሽ፣ ያ ሽታ ለእኔ የመታጠቢያ ቤት ሽታ ሆኖ አያውቅም። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የረጠበ ቀርከሃ፣ የኅዳር ፀሐይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ካፊያ ጠብ ጠብ የሚል የወፍ እግር ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከአዘና ወዲያ ካለው መንደራችን ወደ ቆሰበር ከተማ የመጣሁት ለትምህርት ነው። እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ቤት ተከራየሁ፤ ቤት ከተባለ። ፍራሼን ዘርግቼ፣ የስንቄን ከረጢት ጥግ አስይዤ፣ ጀሪካኔን በሩ አጠገብ ሳቆም ሌላ መቆሚያ አልቀረም። ግቢው ጠላ እየጠመቁ የሚኖሩ የአንዲት ሴትዮ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ባሕር ዳር ገብተው ቀርተዋል። እኔ «እትዬ» እላቸው ነበር፤ እሳቸው ደስ ሲላቸው «ልጄ»፣ ሳስቸግራቸው «አንቺ ምላስ» ይሉኝ ነበር። ምላስ የሚሉኝ ቀናት ይበዙ ነበር። በከተማው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ማታ ገብቼ «ዋልሽ ወይ?» የሚለኝ ሰው ግን አልነበረኝም።

ብቅላቸውን ጓሮ ውስጥ ሰሌን ላይ ያሰጣሉ። ሌላው ሰው ብቅል ሲያሰጣ ወፍ ጠባቂ ያስቀምጣል፤ እሳቸው ግን ከሰሌኑ ዳር አንድ እፍኝ ለብቻ ይበትኑና ወደ ጓሮው ባሕር ዛፍ አንጋጠው «ይኼ የእናንተ፣ ያ የኔ» ይላሉ። ዋኖሶቹ፣ እነዚያ የዱር እርግቦች፣ ይወርዳሉ። ሕጉን ያከብራሉ፤ አልፎ አልፎ ድንበር ይገፋሉ እንጂ። አጠገቡ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወፍራም ቀርከሃ የተሠራ ገንዳ አለ፤ ውሃው ሲጎድል እሞላዋለሁ። ከላይ ከላዩ መሙላት ብቻ ነው፤ ማን አጥቦት ያውቃል?

በየጠዋቱ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ይላሉ። መዳፋቸው ላይ ጥሬ ይይዛሉ። እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከዚያ ዝም። እንደ ድንጋይ። ዋኖሶቹ እስከ አንድ ክንድ ይጠጉና እጃቸው ነቅነቅ ሲል ብርርር።

«ስድስት ዓመት ዘረጋሁላቸው» ይሉኛል። «አንድ ቀን ይለምዱኛል።»

«የዱር ወፍ እኮ ናት እትዬ። ለምን ብላ ትለምድዎታለች?»

«አንቺስ ከጫካ መጥተሽ ለምደሽኝ የለም ወይ?»

እኔ ዋኖሶቹን የማናግረው በአገውኛ ነበር። በቤታችን ከብቱም ዶሮውም የሚጠራው በዚያው ነው። እትዬ ይስቁብኛል፤ «የኔ ወፎች አገውኛ አይሰሙም» ይላሉ። «ጫካ ያደገ ወፍ አማርኛ ከየት ይምጣለት?» እላቸዋለሁ። እንዲህ ነበርን።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ።

ጀሪካን ይዤ ስወጣ አንዲት ዋኖስ ከገንዳው ጠርዝ አልተነሳችም። አልፌያት ሄድኩ፤ አልተነሳችም። ተመለስኩ። ላባዋን አንፍታ፣ ኳስ መስላ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍናለች። ፀሐይ ገና ከአጥሩ በላይ ብቅ ማለቷ ነበር፤ ብርሃኑ በአጥሩ ቀርከሃ መካከል እየተቆራረጠ ጀርባዋ ላይ ይወድቃል። በጣቴ ነካኋት። ትሞቃለች። ከላባዋ ሥር ልቧ ትርትር ይላል።

«እትዬ! ይምጡ፣ ቶሎ ይምጡ!»

ራሳቸውን ሳያስሩ ወጡ። ቁጢጥ አሉና መዳፋቸውን ከደረቷ በታች ቀስ አድርገው አስገቡ። ዋኖሷ እዚያው መዳፋቸው ላይ ተቀመጠች። እትዬ አላዩኝም፤ ማንንም አላዩም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ለመደችኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ትንፋሻቸው እንዳያስበረግጋት ፈርተው።

በማግሥቱ ሦስት ሆኑ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ከትምህርት ቤት መልስ ጓሮ ስቀመጥ አንዷ ጉልበቴ ላይ ታንቀላፋለች፣ አንዷ ደብተሬ ላይ። የእውነት ይሁን የህልም እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። ቀኑ አያልቅም ነበር። ብቅሉ ይሸታል፤ ከፈረስ ጋሪዎቹ ጎዳና ቃጭል ይሰማል፤ ፀሐዩ እንደ ማር ወፍራም ነው። እትዬ በዝግታ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ፣ እንዳይረግጧቸው። ወፎቹ ጥሬ ያነሱና መልሰው ይጥላሉ። «ጠግበው ነው የሚጫወቱ» አልን። አገጫቸው ሥር ላባው ረጥቧል። «ውሃ ጠጥተው ነው» አልን። ደስ ያለው ሰው ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

ሐሙስ ጠዋት ገንዳው ሥር አንዷን ሞታ አገኘኋት። ዓርብ አራት።

ጎረቤታችን ዶሮ አርቢ ነበረች። በአጥሩ ላይ ራሷን ብቅ አደረገችና ጮኸች። «ፈንግል ነው! ፈንግል አስገቡብን እኮ! ዶሮዎቼን ሊጨርሱብኝ ነው የእርስዎ ወፎች!»

«ያንቺ ዓይን ነው» አሏት እትዬ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይጨምሩ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጀሪካኑን ያዢ። ጠበል አምጪልኝ።»

ሮጥኩ። እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። ስመለስ እትዬ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ጠብቀውኛል። ጠበሉን ገንዳው ውስጥ ገለበጥን፣ ፌጦውን በተንን። አንዷም ሳትጠጣ እንዳትቀር ጥሬውን በዕጥፍ አድርገን ዙሪያውን ዘራን፣ እኔ በአገውኛ፣ እሳቸው በአማርኛ ጠራናቸው። መጡ። ከባሕር ዛፉም፣ ከጎረቤትም፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ጤነኛውም በሽተኛውም ባንድ ገንዳ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተጋፋ። እትዬ አማተቡ። እኔም ዳኑ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት የሞቱትን በአካፋ ነው የሰበሰብኳቸው።

ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አንዷን በፌስታል ጠቅልዬ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ግቢው ፈረስና በቅሎ በያዙ ገበሬዎች ተሞልቷል። ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ ያለው ገበሬ ፌስታሌን አይቶ «ምንድን ነው ያመጣሽው?» አለኝ።

«ዋኖስ።»

«ኧረ ሰዎች፣ ይቺ ፈረሷን በፌስታል ይዛ መጣች!»

እስኪበቃቸው ሳቁ። «ፈረሴ ከፈረስህ ትሻላለች፣ ቢያንስ ድርቆሽ አትጠይቅም» አልኩና ፌስታሌን አጥብቄ ያዝኩ። ያው ሰውዬ ግን ፊቴን አየና ተራውን ለቀቀልኝ።

ሐኪሙ ቦት ጫማ ያደረገ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነበር። አልሳቀም። በቀጭን እንጨት ምንቃሯን ከፈተና አሳየኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ የደረቀ አይብ የመሰለ ቢጫ ነገር ተደፍኗል።

«ፈንግል አይደለም» አለ። «የጉሮሮ በሽታ ነው፣ እርግብና ዋኖስ ላይ የሚወጣ። የት ነው የሚጠጡ?»

ነገርኩት። ገንዳውን፣ ጥሬውን፣ ፌጦውን፣ ጠበሉን፣ ሁሉንም።

«ጠበሉ ምንም አላጠፋም» አለ። «ያጠፋው መሰብሰባችሁ ነው። በሽተኛዋ ጥሬ ታነሳለች፤ አልወርድ ሲላት ትጥለዋለች። ጤነኛዋ መጥታ እሱኑ ታነሳለች። ውሃውም እንደዚያው።»

«ታዲያ መድኃኒቱ?»

«የዱር ወፍ ይዘሽ በምን ታስውጫታለሽ? ገንዳውን አንሱ። ጥሬ አትበትኑ። ይራቁ፣ ይበተኑ፣ የራሳቸውን ያውቃሉ። የሞተውን በእጅሽ ሳትነኪ አርቀሽ ቅበሪ። ገንዳውን በበረኪና እጠቢና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። አንድ ወር ቆይታችሁ ብትመልሱትም ውሃው በየጠዋቱ ይቀየር።»

ወጣ ልል ስል እንዲሁ፣ ለነገሩ ያህል ጠየቅኩት፤ ለምንድን ነው የለመዱን አልኩት።

«ሲታመሙ መብረር ያቅታቸዋል» አለ፣ እጁን እየታጠበ።

አሁን ሳስበው ይህችን ቃል እዚያው ክሊኒክ ትቻት መሄድ እችል ነበር። ገንዳውን እናንሳ ብቻ ብል ይበቃ ነበር። ግን ያኔ አፌ ላይ የመጣ ነገር ሁሉ መውጣት ያለበት ይመስለኝ ነበር። ቤት ገባሁ። እትዬ አንዷን ዋኖስ ጋቢያቸው ውስጥ አቅፈው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው።

«የመጣን እንግዳ ውሃ ከልክዬ አላውቅም» አሉ። «ያውም የለመደኝን።»

«እትዬ፣ አልለመዱንም። መብረር ስላቃታቸው ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ወፏን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን አዩ፣ መልሰው ሸፈኗት።

በማግሥቱ ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቄ ገንዳውን ነቀልኩት። የሞቱትን ቀበርኩ፣ ጓሮውን ጠረግኩ፣ ገንዳውን በበረኪና ፈተግኩ። ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ በረኪናው ነው ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ሲመለሱ የተረፉት ዋኖሶች በአጥሩ ላይና በጣሪያው ጠርዝ ተደርድረው ባዶውን መሬት ይመለከቱ ነበር። እሳቸውም ነጠላቸውን ሳያወልቁ አብረዋቸው ተመለከቱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ልጄ» ቀረ፣ «አንቺ ምላስ»ም ቀረ። «ተማሪዋ» ሆንኩ። «ተማሪዋ በሩን ዝጊ።» ጠዋት በሳህን ውሃ ያወጣሉ፤ ስወጣ እደፋዋለሁ። ጥሬ ይበትናሉ፤ እጠርገዋለሁ። ስለ ዋኖሶቹ አንድም ቃል ሳንነጋገር ስንት ቀን እንደዚያ ተሟገትን።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከክፍሌ ልወጣ ስል በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ሳህናቸውን አስቀምጠው ቁጢጥ ብለዋል። አንዲት ላባዋን ያነፋች ዋኖስ እየተንገዳገደች መጣች፣ ጥሬ አነሳች፣ አንገቷን ዘረጋች፣ ጣለችው። ገና አንገቷን ሳትሰበስብ አንዲት ወጣት ዋኖስ ከአጥሩ ወረደች፣ ላባዋ ጥርት ያለ፣ ወደ ወደቀው ጥሬ ተንደረደረች።

«እሽ! እሽ!» አሉ እትዬ።

ዋኖሷ ብርር አለች። እዚያ ግቢ ከገባሁ ወዲህ ወፍ ሲያባርሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ጥሬውን በጣታቸው አንድ በአንድ ለቀሙት። ሳህኑን ገልብጠው ይዘው ገቡ።

እኔም ከክፍሌ አልወጣሁም። መውጣት ነበረብኝ፤ አሁን ሳስበው። አልወጣሁም።

ዋኖሶቹ ቀስ በቀስ ተበተኑ። አንድ ጠዋት ስነቃ ጣሪያው ላይ ምንም አይሰማም፤ ጆሮዬ የጠፋ መሰለኝ። ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ዋኖሶች ሲለቅሙ አይቻለሁ። ጉም ነበር። የኛ ይሁኑ አይሁኑ ማን ያውቃል፤ ስጠጋቸው ግን ተነሱ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። እኔ ዝም ያለ ቤት አልችልም። ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሌላ ክፍል ያዝን። ለእትዬ የነገርኳቸው ማታ፣ በበሩ ላይ ቆሜ፣ በሁለት ቃል ነው። «ይሁን» አሉ።

ጠዋት ባጃጅ አመጣሁ። ፍራሼን ጠቅልዬ ከኋላ አስገባሁ፣ ከረጢቱን ላዩ ላይ። ስመለስ እትዬ ጓሮ ቆመዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። ሰሌኑ ባዶ ነው። አጥሩም ባዶ ነው።

«ደህና ይሁኑ እትዬ» አልኩ።

ጀሪካኔን አነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ተናገሩ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ወደ ዛፉ እያዩ።

«የተመለሱ እንደሆነ፣ ውሃውን በየጠዋቱ ማን ይቀይርልኛል?»

ባለባጃጁ ክላክሱን ነካ። ጀሪካኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ገባሁ፤ ባጃጁ በኮብልስቶኑ ላይ እየዘለለ ቁልቁል ወረደ።