የአዙሪት በግ ጭንቅላት

ጥሩሸዋን የሞላሌ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በምትፈትለው የበግ ጠጉርና ማንንም በማይምረው ምላሷ። አምና ግን ያ ምላስ ተሳሰረ። ራሷን ይፈልጣት፣ እንዝርቱም ከእጇ ይወድቅ ጀመር፤ አንድ ቀን ገበያ መሃል ወድቃ ተንፈራገጠች። ባሏ ገሠሠ ከተማ ቢያስመረምራት፣ አንድ ሐኪም የጭንቅላቷን ፎቶ አይተው፣ “የአንጎል እጢ ነው፤ አትድንም፤ ቤቷ ወስደህ አሳርፋት” አሉት። እሱም አመስግኖ ይዟት ገባ! ምን ይሄ ብቻ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የመቃብር ቦታ መረጠላት። ሰማች፤ አንጀቷ አረረ።

“አልሞትም!” አለች። “ማን ደስ ይበለው ብዬ!”

እህቷ ሰርካለም እየጎተተች አዲስ አበባ አደረሰቻት። እዚያ ጭንቅላቷ ሲከፈት፣ እጢ የተባለው ውሃ የቋጠረ የትል ከረጢት ሆኖ ተገኘ። ስትነቃ ቀዶ ሐኪሙ፣ “በግ እየዞረ የሚወድቅበትን በሽታ ያውቃሉ?” አሏት።

“አዙሪት? እንዴታ!”

“እሱ ነው። ውሻ የታመመውን በግ አንጎል ይበላል። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር ይወጣና በእጅ፣ በምግብ ሰው ውስጥ ይገባል። ጭንቅላቱን ቅበሩት እንጂ ለውሻ አትስጡ።”

ጥሩሸዋን ከቁስሉ ይልቅ ንዴቱ አመማት። አገሩ ሁሉ አዙሪት የያዘውን በግ አርዶ ጭንቅላቱን ለውሻ ሲወረውር ነው ያደገችው። ለግብር ሲሆን ጓሮ ድረስ የሚመጣው ሹም ሁሉ፣ ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር እግሩ ተሰብሮ ነበር? ወዲያው ለገሠሠ አስደወለችለት። ነገሩን ሰምቶ “እሺ፣ እሺ” አለ።

ቤቷ ስትገባ እልልታው ቀለጠ፤ በግ ታርዷል። ጓሮ ብቅ ብትል ውሻቸው መከታ የበጉን ጭንቅላት ይቆረጥማል።

“ገሠሠ! ይህ በግ ምን ሆኖ ነው የታረደው?”

ገሠሠ አንገቱን አከከ። “ትንሽ... ዞር ዞር ይል ነበር። ከሚሞት ብዬ ነው። ጭንቅላቱ መቼም የውሻ ነው፤ ድሮም...”

“ድሮማ እኔንም ገሎኝ ነበር!”

ውሻውን በዱላ አባራ ጭንቅላቱን አስጣለችው። እልልታው ቀጥ አለ። ከበሩ ሥር ዶማውን አንስታ ባሏ እግር ሥር ጣለችለት።

“ቆፍር።”

“እንግዳ ተቀምጦ? ነገ እቀብረዋለሁ።”

“የኔን ጉድጓድ ለማስቆፈር ቸኩለህ አልነበር? በል አሁን ቆፍር!”

ገሠሠ ነጠላውን አስቀምጦ ዶማውን አነሳ።