መርዶ የሆነው ልብ ወለድ

መጽሐፌ ከወጣ በኋላ ጅማ ውስጥ ሰላም ብሎኝ ብቻ የሚያልፍ ሰው ጠፋ። ሁሉም አስተያየት አለው። አምስት ታሪክ ነው የጻፍኩት፦ አንዱ ሠርግ፣ አንዱ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች፣ አንዱ የከሰረ ባለሱቅ፣ አንዱ የሁለት ወንድማማቾች የመሬት ጠብ፣ የመጨረሻው ደግሞ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ ልግባ ብሎ ጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ የሞተ ልጅ። የሚያገናኛቸው የአጋሮ መንገድ ብቻ ነው። የአንዱ ታሪክ ሰው በሌላው ውስጥ በእግሩ ያልፋል፣ በቃ። እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቻለሁ።

በመጽሐፉ ምረቃ ዕለት አንድ የኮሌጅ መምህር ማይክ ይዞ፣ ይሄ ልብ ወለድ ሳይሆን ያልታሰረ ማገዶ ነው አለ። ሰው ሳቀ። አንድ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ ማተሚያ ቤቱ ገጽ አቀያይሮብህ እንደሆነ ለምን አታጣራም ብሎ መከረኝ፣ ያውም ከልቡ። አጋሮ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ሠርጉ ላይ አቁሟል፤ ሙሽራይቱ ምን እንደሆነች ሳትነግረኝ ቡና ለቀማ ምን ይሠራልሃል ብሎ ተቆጣኝ። እርግጥ አንዲት ነርስ ባለሱቁን ሁለቴ አንብባ እንዳለቀሰች ነግራኛለች። ግን የሷ ምስጋና የሰውን ስድብ አላጠበልኝም። አንባቢ እንደ ሕፃን ካላጎረሱት አይበላም እንዴ እያልኩ ብቻዬን እነጫነጭ ነበር።

በዚህ ንዴት ላይ እያለሁ ነው አንዱን ቅጂ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ለምትኖር አንዲት ልጅ የሰጠሁት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱሪዬን ሁሉ የሚያሳጥሩልኝ እሳቸው ናቸው። የተማረው አልገባውም፣ አንቺ ለእናትሽ አንብቢላቸው፣ እሳቸው ይገባቸዋል አልኳት። የልጅቷ ታላቅ ወንድም በሞያሌ በኩል ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ወሬው ጠፍቷል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እዚህ አገር ስንቱ ሄዶ የለ! ስጽፍም ሆነ መጽሐፉን ስሰጣት እሱ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ ለሥራ ደዶ ሰነበትኩ። ስመለስ ሱሪ ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ብሄድ በራቸው ላይ ሸራ ተወጥሯል። ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቁርአን ይቀራል። አንድ የማውቃቸውን ሽማግሌ ዝቅ ብዬ ማን አርፎ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ያረዳኸን አንተው አይደለህ እንዴ?» አሉኝ።

ሱሪዬን እንደያዝኩ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሆነውን አስነገርኳቸው።

እኛ ዘንድ መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። የተላከው ሰው ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ ቡናው ያወራል፣ ስለ እከሌ ሠርግ ያወራል፤ ዞሮ ዞሮ ነው ነገሩ ላይ የሚደርሰው። ልጅቷ እያነበበች፣ ከበድ ያለውን በኦሮምኛ እያስረዳች፣ እናትየው ሲያዳምጡ ሠርግ መጣ፣ ቡና መጣ፣ ሱቅ መጣ። አንዱ ከአንዱ አይያያዝም። ገና ባለሱቁ ላይ እያሉ «ይሄ ሰው ምን ሊነግረኝ ነው እንዲህ የሚዞረው?» ብለዋል አሉ። ጭነት መኪናው ሲመጣ ጮኹ። እኔ ደግሞ በሥራዬ ከሾፌር ጋር ስዞር የምኖር ሰው ነኝ፤ ከሞያሌ የሰማው ነገር አለ፣ መናገር ከብዶት በልጅቷ እጅ ላከው ተባለ። ለእናትሽ አንብቢላቸው ብዬ የለ! መርዶ የላከን ሰው ደግሞ ማን መልሶ ይጠይቃል?

ወደ ውስጥ ገባሁ። እናትየው ሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል። ተንበርክኬ፣ ሃይማኖቴ ሌላ ቢሆንም በሳቸው መሐላ ማልኩ፤ ወላሂ፣ ስለ ልጅዎ የሰማሁት አንዳች ነገር የለም፣ መኪናውም ልጁም ከራሴ ያወጣሁት ነው አልኩ። ሴቶቹ ነገሩን ወደ ውጪ አሳለፉት፤ ቁርአኑም ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ እርግጡ ሳይታወቅ በሕይወት ሊኖር በሚችል ሰው ላይ ለቅሶ አይቀመጡም አሉ። ሸራው ሲፈታ እዚያው ውስጥ ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

አልሐምዱሊላህ ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«ታዲያ አለ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። ሌላ ምን ልበል? እናቴ፣ አላውቅም።

ቁጣቸውን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ሞተ ሲባል አለቀስኩ፤ አልቅሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሱ ከወጣ ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም ነበር» አሉ። «አሁን እንደገና ልጠብቀው ነው?»



እናትየው ልጃቸውን በኦሮምኛ ጠሩና ለለቅሶው ብለው ያጠፉትን ስልክ አስመጡ። ከፈቱት፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።