ከማማው ላይ የሚታየው ቤት

ሰው ሁሉ በአክብሮት ፓ የሚለው ጁናይዲ ጀልባዋ ላይ ከወጣ ጀምሮ መቀመጫው አልረጋ አለ። አንዴ ገመዱን ይነካካል፣ አንዴ ተነስቶ ባሕሩን ያያል፣ አንዴ ደግሞ ነጂውን ዝናብ ሳይመጣ ብንመለስ አይሻልም ወይ ይለዋል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ሚስቱ ሮስሚያቲ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን ሩዝ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጉልበቷን ያማታል። ቢሆንም ዛሬ ቴሪቲፕ ደሴት ሄጄ የመርከብ መብራቱ ማማ ላይ ካልወጣሁ ብላ ወይ ፍንክች ብላለች።

ጁናይዲ ሃያ ስድስት ዓመት የዚያ ማማ መብራት ጠባቂ ነበር። ሁለት ወር ደሴቱ ላይ፣ አንድ ወር ቤቱ። መርከብ ከድንጋይ እንዳይላተም ሲጠብቅ ኖሮ በክብር ጡረታ ወጣ። ዛሬ የሚያቁነጠንጠው ሌላ ሳይሆን የገዛ ውሸቱ ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ሮስሚያቲ ብቻዬን ቀረሁ ብላ ስታለቅስበት፣ ማባበያ የጠፋው ጎረምሳ ከማማው ጫፍ ሆኜ በየቀኑ አይሻለሁ፣ ልብስ ስታሰጪ እንኳ በመነጽር ትታይኛለሽ አላት። ቤታቸው ግን ከኮረብታ ጀርባ ነው። ከማማው ላይ የሚታየው ውሃና ያው ኮረብታ ብቻ ነው። ኮረብታውስ ስትለው ማማው ከኮረብታው በላይ ያያል ብሎ ጨመረበት።

ውሸቱም በየጊዜው ቀለብ ፈለገ። አንድ ጊዜ ለእረፍት ሲመለስ ዓርብ ዓርብ ነጭ አንሶላ ታሰጫለሽ፣ አየሁሽ አላት። በደመ ነፍስ ነው የተናገረው። ሮስሚያቲ ሳቀች። በዚያው ሳምንት ዓርብ ነጩን አንሶላ ገመድ ላይ ሲያየው ግምቱ ስለሰመረለት በራሱ ኮራ። እንግዲያው ውሰደኝና እኔም ከላይ ልየው ስትለው ግን ሰበብ አጥቶ አያውቅም፤ ቀለሙ አልደረቀም፣ ንፋሱ በርትቷል፣ አለቃ መጥቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ቀለሙ የማይደርቅ ማማ የት አገር አለ?

አሁን የሚፈራው አንድ ነገር ነው። ይህን ከዋሸኝ ሌላውንስ ምን ያህል ዋሽቶኛል ትላለች ብሎ ነው። ያኔ አብረው የኖሩት ዕድሜ ሁሉ ይጠረጠራል።

ማማው በር ላይ አዲሱ ጠባቂ ፋህሪ ተቀበላቸው። ሥራውን ያስተማረው ራሱ ጁናይዲ ነው። ሆላንዶች ያቆሙት ይህ ማማ ከላይ እስከ ታች ብረት ስለሆነ፣ ከእግር የሚመጣ የባሕር ጨው እንዳይበላው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ባለው ገንዳ እግሩን ታጥቦ ነው የሚገባው። ጁናይዲ ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ ሲል ሚስቱ አላስችላት አለ።

«ልትወጣ ነው ልትሰግድ?»

ፋህሪ ከሦስተኛው ፎቅ በላይ ደረጃው ስለዛገ ለጎብኚ መከልከሉን ሲነግራቸው ጁናይዲ በሐሴት ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ደንብ ደንብ ነው፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት እያለ ሚስቱን ወደ ጀልባው ሊመልሳት ክንዷን ያዘ።

«ኢቡን፣ እናታችንን፣ ማን ይከለክላል?» አለ ፋህሪ። «እሳቸው ቀላል ናቸው፣ ደረጃው ይችላቸዋል። እኔው ይዣቸው እወጣለሁ። እርስዎ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፓ።» ይህን ሲል የጁናይዲን ቦርጭ ሰረቅ አድርጎ አየ።

ወጡ። ጁናይዲ ታች ቀርቶ ማማውን ይዞር ጀመር። ዛፎቹ አድገው ነው ልበላት? ጭጋግ ነው ልበላት? እንደገና ዞረ። ወደ ላይ አንጋጦ ስሟን ተጣራ፤ መልስ የለም። ይህን ያህል ምን ታያለች?

ሮስሚያቲ ጉልበቷን እየደገፈች ወርዳ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፋህሪ ነገሩ ስላላማረው ሥራ እንዳለው ሁሉ ሹልክ አለ። ጁናይዲ ስለ ዛፎቹ ሲጀምር አቋረጠችው።

«ተው፣ ባንግ» አለችው እንደ ወትሮዋ አቆላምጣ። «እኔ ከግቢዬ ሆኜ ይሄ ማማ አንድ ቀን ታይቶኝ አያውቅም። እኔ ካላየሁት እሱ እንዴት ያየኛል? ይሄን ለማወቅ ማማ ላይ መውጣት ያስፈልጋል?»

ጁናይዲ ወደ ማማው አንጋጠጠ። «ታዲያ ለምን ወጣሽ?»

«አንተ ምን ስታይ እንደኖርክ ላይ ብዬ ነዋ።» የሻሿን ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጠረገች። «ውሃ ነው። ዞር ብልም ውሃ ነው። እኔ እንኳ ጎረቤት ነበረኝ።»

ጁናይዲ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ቁጭ አለ። ሐፍረቱ ከሆዱ ባይወጣም እግሩ መቁነጥነጡን ተወ። ያ የዓርቡ አንሶላስ እንዴት ልክ ሊሆን ቻለ ብሎ ጠየቃት።

ሮስሚያቲ የሙዝ ቅጠሉን ፈትታ ሩዙን ለሁለት ከፈለች።

«አንሶላ የማጥበው ማክሰኞ ነበር» አለችው። «አንተ ዓርብ ስትለኝ ወደ ዓርብ አዛወርኩት።»