በበቅሎ ተጭና የወጣች ጀልባ

ዘከሪያ በንፋስ መውጫ አውራ መንገድ ዳር ጎማ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። የአይሱዙ፣ የሚኒባስ፣ የባጃጅ፣ የጋሪ፣ በእጁ ያላለፈ ጎማ የለም። ከተማው "ጎሚስታው" ይለዋል። አየሩ የፈሰሰ የጎማ ከመነዳሪ ሲመጣለት ውሃ ገንዳው ውስጥ ይነክርና አረፋ የሚተፋውን ቀዳዳ በጣቱ ጫፍ ይይዛል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይለጥፋል። ከዚያች ገንዳ የሚሰፋ ውሃ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። ዋና አይችልም።

አምና በጥቅምት፣ አንድ ማለዳ፣ ሀና የምትባል ወጣት የሐይቅ ተመራማሪ ከሚኒባስ ወርዳ ብርቱካንማ ጥቅል ከሱቁ ደጃፍ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይችን ሊጠግኑልኝ ይችላሉ?"

ጎማ መስሎት ዘረጋው። ሲዘረጋው ጀልባ ሆነ። በአየር የምትነፋ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ። የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የነበረ ብረት ጎኗን ወግቶት ነበር። ዘከሪያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ዳሰሳት። እንዲህ ስስ ሆኖ እንዲህ የጠነከረ ላስቲክ ነክቶ አያውቅም።

"ወዴት ልትወስጃት ነው?"

"ጓሳ ባሕር። ጥልቀቱን ልለካ፤ ዓሣ መኖሩንም ላጣራ።"

ጓሳ ባሕርን በወሬ ያውቀዋል። ደጋው አናት ላይ፣ መኪና የማይደርስበት፣ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች "ወለል የለውም" የሚሉት ውሃ ነው። ጠግኖ ሲጨርስ ጀልባዋን መልሶ ከመስጠት ይልቅ እንደያዛት ቆመ።

"እዚያ ጋራ ላይ እሾህ ቢወጋትስ ማን ይጠግንልሻል?"

ሀና አላሰበችበትም ነበር። "እርስዎ ቢመጡልኝስ?" አለችው።

ሀቢባ፣ ባለቤቱ፣ ሲነግራት ሳቀች። ከሳቋ በኋላ ግን ለሁለት ቀን የሚበቃ ስንቅ ቋጠረችለት።

በማግስቱ ንጋት ላይ አስፋልቱ ዳር ከሀና ጋር የተቀጣጠረ አንድ ገበሬ በቅሎውን ይዞ ጠበቃቸው። ይታየው ይባላል፤ አገሩ እዚያው ደጋው ላይ ነው። በቅሎዋ የላስቲኩ ሽታ ሲደርሳት ጆሮዋን አጥፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ አልጫንም አለች። ይታየው ጋቢውን አውልቆ ጥቅሉን ሸፈነው። የጌታዋን ጠረን ስታገኝ ጸጥ አለች። ጀልባዋ በአንድ ጎን፣ መንፊያው፣ መቅዘፊያዎቹና መረቡ በሌላው ጎን ተጭነው መንገድ ጀመሩ።

የገብሱን ማሳ አልፈው፣ የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈው ከአንድ ገደል አፋፍ ሲደርሱ መንገዱ ጠበበ። በቅሎዋ ብቻዋን ታልፋለች፤ ከነጭነቷ አታልፍም። ይታየው ጭነቱን አወረደ። ሀና መንፊያውን፣ መቅዘፊያዎቹንና መረቡን ያዘች፣ ይታየው በቅሎዋን ይስባል። የቀረችው ጀልባዋ ናት። ዘከሪያ በመጫኛ አሰራትና ጀርባው ላይ አዘላት። በአንድ ወገን ዐለቱ ትከሻውን ይፍቀዋል፣ በሌላው ወገን ከሥሩ ጭልፊት ሲበር የክንፉን ጀርባ ያያል። ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሹ አጠረው። ዕድሜ ልኩን አየር ሲሞላ የኖረ ሰው ለራሱ ደረት አየር አነሰው። ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ሁለቱንም ጊዜ ሀና ልቀበልዎት ብትለው እምቢ አለ።

የመጨረሻዋን ጉብታ ሲወጡ ይታየው ቆመና በአገጩ ጠቆመ።

ዘከሪያ ጀልባዋን ከጀርባው ማውረድ ረሳ። ከሥራቸው፣ ጋራው እንደ ገበቴ በጎደጎደበት ቦታ፣ ሰማይ ተኝቶ ነበር። አንድ ደመና ከላይ ያልፋል፤ ያው ደመና ከታች ያልፋል። ነፋስ የለም። የጓሳው ሣር ራሱ አይንቀሳቀስም። "ሱብሃነላህ" አለ፤ ድምፁ ግን ለራሱም አልተሰማውም።

ውሃው ዳር አንዲት ጎጆ አለች። ባለቤቷ እማማ ተዋበች ይባላሉ፤ በዚያ ደጅ አርባ ዓመት ኖረዋል። እንግዶቹን ተቀብለው፣ ጥቅሉን ዞረው ካዩ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሲነገራቸው በርጩማቸውን አምጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ዘከሪያ መንፊያውን በእግሩ ይረግጥ ጀመር። ጀልባዋ ተኮማትራ እንደተኛች አንድ ጎኗ ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሀና በቃ ስትለው እሱ ገና በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል።

"ውሃው ብርድ ነው፤ ስትነካው ትላላለች። ከዚያ እንጨምርላታለን።"

እንዳለውም ሆነ።

ሀና የጥልቀት መለኪያ ገመዷን ስትለቅ የሚቀዝፍ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ይታየው፣ "እኔ እግሬ መሬት ካልነካ አይሆንልኝም" ብሎ ቁጭ አለ። ዘከሪያ ሀና የሰጠችውን የነፍስ አድን ጃኬት ለበሰ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ገባ።

መጀመሪያ ያየው የራሱን ልጥፍ ነው። አረፋ የለም። ቀጥሎ ወደ ታች አየ። ዳር ዳሩን ድንጋዮቹ ይታያሉ፣ ትንሽ ገባ ሲሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። መቅዘፉን አቆመ። ከበታቹ አንዲት ስስ ላስቲክና እሱ ራሱ የሞላት አየር ብቻ አለ፤ ከዚያ በታች ያ ሁሉ ጥልቀት። ፈርቶ ነበር። ግን ፍርሃቱ ሽሽ የሚል ዓይነት አልነበረም፤ በትልቅ ሰው ፊት ዝም የሚያሰኝ ዓይነት ነበር።

ሀና ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ለቀቀች፤ ሄደ፣ ሄደ። ሠላሳ ስምንት ሜትር ላይ ላላ። መረቡን ዘርግተው ተመለሱ። ዘከሪያ በሐይቁ ውሃ ውዱእ አድርጎ ዳር ላይ ሰገደ።

"ወለል አለው እማማ" አለቻቸው ሀና።

"ታዲያ ያን ሁሉ ውሃ ምን የያዘው መስሎሽ ነበር?" አሉ እማማ ተዋበች።

በማግስቱ ጧት መረቡን ሲስቡ ጣት የሚያህሉ ሰባት ዓሦች እንደ ብር እያብለጨለጩ ወጡ። ሀና አንዱን በውሃ በተሞላ ዕቃ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚህ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የሚገባበትም የለም።

"እንዴት እዚህ ወጡ?" አላት ዘከሪያ።

"አላውቅም ጋሼ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

እማማ ተዋበች ዕቃው ላይ አጎነበሱ። አርባ ዓመት ከዚህ ውሃ ቀድተዋል፤ አንድም ቀን ዓሣ አላዩም። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ርሷል። "ጎረቤት ነበረኝ ለካ" አሉ። ቀጥለውም ወደ ዘከሪያ ዞሩ። "ልጄ፣ ይች ጀልባ እኔን ትችለኛለች?"

"ትችልዎታለች።"

ይታየውና ሀና በሁለት ወገን ደግፈው አስገቧቸው። እማማ ጃኬቱን በነጠላቸው ላይ ለብሰው፣ በሁለት እጃቸው ጠርዙን ጨብጠው፣ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ በጸሎት እየተንቀሳቀሰ ተቀመጡ። ዘከሪያ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብሎ ቀዘፈ። መሐል ሲደርሱ ዞረው ጎጆአቸውን አዩ። ከበስተኋላዋ የገብስ ማሳቸው፣ ከማሳው በላይ ባላቸው የተቀበሩባት ቤተ ክርስቲያን ዛፎች፣ ከዛፎቹ በላይ ጋራው።

"ሁሉም አንድ ላይ ነው" አሉ። "ከደጄ ሆኜ ሁሉንም አንድ ላይ አይቼው አላውቅም።"

ዘከሪያ መልሶ ሊቀዝፍ መቅዘፊያውን ሲያነሣ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

"ተወው፣ ትንሽ እንቆይ።"

ቆዩ። ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማ ነበር፤ ሌላ ምንም።

ማታ ንፋስ መውጫ ሲገባ ሀቢባ ምን እንዳየ ጠየቀችው። ዓሦቹን ነገራት፣ ጥልቀቱን ነገራት፣ የአሮጊቷ ነገር ላይ ሲደርስ አቋርጦ ራቱን በላ። በሌላ ቀን ጨረሰላት።

ዘንድሮ ሀና በስማዳ በኩል ላሉ ሁለት ሐይቆች ጥናት ስትመለስ ቀድማ ደወለችለት፤ እሱም ሱቁን ዘግቶ ወገዳ ከተማ ድረስ ሄዶ ጠበቃት። ጀልባዋን አሁን ማንም አይሸከምበትም። ሀቢባም ምን አየህ ማለቱን ትታለች፤ የምትጠይቀው መቼ እሷንም እንደሚወስዳት ነው።